ለወንድሜ ድምጾች የማግኔት ህክምና 9,000 ዶላር ልክፈል?

እህቱ ከሜሪላንድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው።

የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። 29 ዓመቱ ነው። ስኪዞፍሬንያ ነው ከተባልን ስምንት ዓመት ሊሞላን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ እሱና ሁለት ልጆቼ። እናታችን አዲስ አበባ ናት። ሳላማክረው አይደለም የምጽፈው። ጠይቄው «ስሜን ብቻ አትጻፊ» ብሎኛል።

ድምጽ ይሰማል። ሁለት ናቸው። አንዱ ወንድ ነው፤ በአማርኛ ነው የሚያወራው፤ የሚያደርገውን ሁሉ እየተከተለ ይተርካል። «አሁን ጫማውን ሊያስር ነው። አላሰረም። ሰነፍ።» ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፤ የምትመጣውም ማታ ማታ ነው። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፣ አንድ ቀን ሳህን እያጠብን። ሳህን ስናጥብ ያወራኛል። ፊት ለፊት ስንቀመጥ ግን አይሆንለትም።

መጀመሪያ ሪስፐሪዶን ወሰደ። ድምጾቹ ንቅንቅ አላሉም፤ እጁ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ወደ ኦላንዛፒን ተቀየረለት። እሱ እንቅልፉን አስተካከለለት፤ ፍርሃቱንም ቀነሰለት። በዓመት ውስጥ ግን 22 ኪሎ ጨመረ። ድምጾቹም አሁንም አሉ። መድኃኒቱን አያቋርጥም፤ በእጄ ነው የምሰጠው፤ ሲውጥም አያለሁ።

ባለፈው ወር አንድ የግል ክሊኒክ በማግኔት አንጎልን የሚያክም ማሽን እንዳለው ሰማሁ። ቲኤምኤስ ይሉታል። ደወልኩ። 30 ቀን ነው፤ ለአንዱ ቀን 300 ዶላር። 9,000 መሆኑ ነው። ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «በኤፍዲኤ የጸደቀ ነው» አለችኝ፤ መድኃኒትና የህክምና መሣሪያ የሚፈቅደውን የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ማለቷ ነው። ብሩ አለኝ፤ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ያጠራቀምኩት ነው። ቤቱ ይቅር፤ እሱ ይዳንልኝ እንጂ። ግን ይሰራል ወይ? የሞከረ ሰው አለ? ያማል? አንጎሉን ይጎዳው ይሆን? እናቴ በበኩሏ «ለጸበል አምጪልኝ» እያለች በየቀኑ ታለቅሳለች። መሀል ላይ ቆሜያለሁ።

ሲስተር ከቨርጂኒያ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ምንም አትፈርሚ። ብሩ ባለበት ይቆይ። ከዚያ ረጋ ብለን እናውራ።

ነርስ ነኝ። አራት ዓመት የሰራሁት በዚሁ ማሽን ላይ ነው፤ ለድብርት ህሙማን። ማሽኑ ላይ ቂም የለኝም። ተደግፎ የመጣ ሰው በስድስተኛው ሳምንት ጸጉሩን ተሠርቶ፣ ልጁን ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። ግን የተነገረሽ ነገር ግማሽ እውነት ነው። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለድብርት ፈቀደ። በ2018 ለኦሲዲ (የማይለቅ ሐሳብ እያመጣ አንድን ነገር ደጋግሞ ለሚያስደርገው በሽታ)፣ በ2020 ደግሞ ሲጋራ ለማቆም ፈቀደ። ለስኪዞፍሬንያ አልፈቀደም። ሐኪም ከተፈቀደለት ውጭ ልጠቀምበት ቢል ሕጉ አይከለክለውም። ኢንሹራንስ እጁን የሚሰበስበውም ለዚህ ነው።

ስለ ፍርሃትሽ ልንገርሽ። አንጎል አይቆረጥም፣ አይከፈትም፣ ማደንዘዣም የለም። ሽቦ የተጠቀለለበት፣ የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለው ነገር ጭንቅላቱ ላይ ይደረጋል። ኤሌክትሪኩ ብልጭ ባለ ቁጥር ማግኔት ይፈጠራል። ያ ማግኔት ቅሉን አልፎ እስከ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ይገባና እዚያ ያሉትን የነርቭ ሴሎች ይቀሰቅሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳዩት አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ ናቸው፤ እንግሊዝ አገር ሼፊልድ፣ በ1985። ህመሙ ቢበዛ ቅሉን በጣት እንደመኮርኮም ነው። ራስ ምታት ሊኖር ይችላል። ድምጹ ኃይለኛ ስለሆነ ጆሮ ይደፈናል። የሚያስፈራው አንድ ነገር የሚጥል በሽታ መቀስቀሱ ነው፤ እሱም ከስንት አንድ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ካለ ግን አይሞከርም።

አሁን ዋናው ነገር። ክሊኒኩን ደውለሽ ይህን ብቻ ጠይቂ፦ «የት ላይ ነው የምታደርጉት? በሰከንድ ስንት ጊዜ?» ለድብርት የሚደረገው ግራ ግንባር አካባቢ ነው፤ ፈጣን ነው፤ በሰከንድ 10 ጊዜ። ለድምጽ የተጠናው ሌላ ቦታ ነው፤ ከግራ ጆሮ ከፍ ብሎ ትንሽ ወደኋላ፣ ንግግር የሚሰማበት የአንጎል ክፍል ላይ። ምቱም ዝግ ያለ ነው፤ በሰከንድ አንድ ጊዜ። ፈጣኑ ያንን ቦታ ያነቃቃል፤ ዝግታው ያበርደዋል ነው ሐሳቡ። ክሊኒኩ ያለውን የድብርት ፕሮግራም ዝም ብሎ ለወንድምሽ ሊያደርግለት ከሆነ፣ 9,000 ዶላር የምትከፍይው ለሌላ ሰው በሽታ ነው።

ይሰራል ወይ ላልሽው፣ ተስፋም ቅዝቃዜም አለው። ዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ራልፍ ሆፍማን በ2000 በ12 ሰው ላይ ሞክሮ ድምጹ እንደቀነሰ አሳየ። በ2005 በ50 ሰው ደገመው። እውነተኛውን ካገኙት ግማሽ ያህሉ ተሻላቸው። የውሸቱን ካገኙት የተሻላቸው ከአምስት አንድ አይሞሉም። የውሸቱ ማለት ያው ማሽን ነው፤ ጠጠጠ ይላል፤ ማግኔቱ ግን አንጎል አይደርስም። ያኔ ሁሉም ደስ አለው። በ2011 ግን ኔዘርላንድ ውስጥ በ62 ሰው ሲሞከር ከውሸቱ የተለየ ነገር አልተገኘም። ጀርመኖቹ ደግሞ በ175 ሰው ላይ ሌላውን ዓይነት ሞከሩ፤ ግራ ግንባር ላይ፣ ፈጣኑን። ለድምጽ ሳይሆን ለዝምታውና ከሰው ለመራቁ። በ2015 ያወጡት ውጤት፦ ልዩነት የለም።

እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ሁለት መድኃኒት በሚገባ መጠን፣ እያንዳንዱን ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ወስዶ ድምጹ ካልለቀቀው፣ ቀጣዩ ስሙ የታወቀ ነው፤ ክሎዛፒን። አንድም ቦታ አልጠራሽውም። በ1988 በወጣው ጥናት፣ ሌላ መድኃኒት እምቢ ካላቸው 268 ሰዎች መካከል ክሎዛፒን ከወሰዱት 30 በመቶ ተሻላቸው። የድሮውን ክሎርፕሮማዚን ከወሰዱት የተሻላቸው 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በስድስት ሳምንት ውስጥ! ሐኪሞች የሚሸሹት በደም ምርመራው ነው፤ ከመቶ አንድ በማይሞሉት ላይ ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ያወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ደም ይሰጣል። ኤፍዲኤ የነበረውን ጥብቅ ምዝገባ በ2025 አንስቶታል፤ ምርመራው ግን አልቀረም፤ እንዲቀርም አትፍቀጂ። ሐኪሙን «ለምን ክሎዛፒን አልሞከርንም?» በይው። ምላሹን እዚሁ ጻፊልን።

ፍራንክፈርት ያለሁት፦

እህት፣ እኔ ራሴ ታማሚው ነኝ። 41 ዓመቴ ነው። ሲስተር ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ከወንበሩ ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ተደረገልኝ። የእኔ ድምጽ አንድ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ቀዝቃዛ ድምጽ ያለው። ባቡር ስሳፈር «ውረድ፣ አውቀውሃል» ይለኛል። ስንት ጊዜ መንገድ ላይ ወርጃለሁ። ሥራዬን ያጣሁት እንደዚያ ነው፤ በየቀኑ አርፍጄ።

የመጀመሪያው ቀን መለኪያ ነው። ሴትየዋ ያንን ነገር ጭንቅላቴ ላይ ወዲህ ወዲያ እያደረገች፣ በየመሀሉ አንዴ ጠጥ ታደርጋለች። የማየው ቀኝ እጄን ነው፤ ጉልበቴ ላይ አርፏል። በድንገት አውራ ጣቴ ብድግ አለች። እኔ አላዘዝኳትም። እንደገና ጠጥ፤ እንደገና ብድግ። ጣት የሚንቀሳቀስበትን ዝቅተኛውን ኃይል ነው የሚፈልጉት፤ የእኔን መጠን የወሰኑት ከዚያ ተነስተው ነው። ግራ ጎኑ ስለሚነካ ነው ቀኝ ጣት የሚዘለው። ያንን ቀን ቤት ሄጄ ጣቴን ብዙ ሰዓት አየሁት።

ከዚያ 20 ቀን። በቀን 20 ደቂቃ፣ በሰከንድ አንድ ምት፤ 1,200 ምት መሆኑ ነው። ሌላ የምሠራው ስለሌለኝ እቆጥር ነበር። ከጆሮዬ በላይ ያለው ጡንቻ በየምቱ ይሸመቀቅ ነበር፤ መንጋጋዬም ትንሽ ይነካ ነበር። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ተላመድኩት።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሽማግሌው ራቀ። ጠፋ አላልኩም፣ ራቀ። ጆሮዬ ስር ይጮህ የነበረው ከጎረቤት ግድግዳ በስተጀርባ የሚያወራ ሆነ። ቃሉ አይለይም። ድምጽ እንዳለ ብቻ ታውቂያለሽ። ባቡር ተሳፍሬ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄድኩ። እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ስላልወረድኩ ብቻ ነው የሄድኩት።

ሰባት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተመለሰ። በሦስተኛው ወር ቃሉ እንደገና ይለይ ጀመር። አለቀስኩ፤ አልዋሽሽም።

ግን አንድ ነገር ይዞልኝ ቀርቷል። እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ «ድምጹ ከራስህ አንጎል ነው» ሲሉኝ አላምንም ነበር። እንዴት ልመን? በጆሮዬ እየሰማሁት! ሰው እየሰለለኝ ነው ብዬ ስንት ጊዜ ኮርኒስ ፈትሻለሁ። ያ ማሽን ግን የነካው የእኔን ጭንቅላት ነው እንጂ የማንንም ቤት አይደለም። የእኔ ጭንቅላት ሲነካ ሽማግሌው ከራቀ፣ ያለው እዚያ ነው ማለት ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ሰው ነግሮኝ ያልገባኝ እሱ ነው። ክሎዛፒን ለመጀመር እሺ ያልኩትም ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒት የሚውጠው ለታመመ ነው፤ የሚሰለል ሰው ምን ያደርግለታል?

ክሎዛፒኑን በ12.5 ሚሊግራም ጀመርኩ፤ ቀስ እያለ ወጣ። ቀላል አይደለም። ሌሊት ምራቅ ትራሱን ያርሰዋል፤ ፎጣ አነጥፋለሁ። ጠዋት መነሳት ተራራ ነው። ሆድ ይደርቃል፤ ይህን በቀልድ አትውሰጂው፣ ለሐኪሙ ወዲያው የሚነገር ነገር ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነና በድንገት ካቆመ፣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ከፍ ይላል፤ እሱንም ይንገር። ደግሞ ክሎዛፒን ላይ ሆኖ ማግኔቱን የሚሞክር ከሆነ ሁለቱም ወደሚጥል በሽታ ሊገፉ ስለሚችሉ ሐኪሙ ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ዛሬ ሽማግሌው በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይመጣል። ግማሽ ቀን እሠራለሁ፤ መጋዘን ውስጥ።

9,000 ዶላርሽን እኔ ብሆን አልከፍልም። ጥናት የሚያካሂድ ዩኒቨርሲቲ ካለ ግን ጠይቂ፤ እዚያ ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለም። የውሸቱ ቡድን ሊደርሰው እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ድምጹ ሲበረታ አንጎራጉራለሁ። አፌን ዘግቼ፣ ቃል የሌለው ዜማ። ሐኪሟ ነች ያስተማረችኝ። የገዛ ጉሮሮ ሥራ ሲይዝ ድምጹ ይደክማል። ለሁሉም ላይሠራ ይችላል። ነጻ ነው፤ ይሞክረው።

የልጆች እናት፣ አዲስ አበባ፦

ልጄ፣ ስለ እናትሽ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። እኔም እናት ነኝና።

የእኔ ልጅ 33 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ሲታመም ጸበል ወሰድነው። ጸበሉን አልከሰውም፤ እዚያ ሰላም አግኝቶ ነበር። ግን አንድ ሰው «መድኃኒትና ጸበል አይቀላቀሉም» ብሎን ክኒኑን አስተውነው። በሁለት ወር ውስጥ ልብሱን ጥሎ መንገድ ወጣ። ከዚያ አማኑኤል ሆስፒታል ወሰድነው። ክኒኑን ይደብቅ ስለነበር በወር አንዴ መርፌ ተጀመረለት። አሁን መርፌውን ይወጋል፤ ጸበሉንም ይጠጣል። የንስሐ አባቱ ራሳቸው ናቸው «መድኃኒትህን እንዳትተው፣ እሱንም እግዚአብሔር ነው የሰጠህ» ያሉት።

ለእናትሽ «አይሆንም» አትበያት፤ ልቧ ይሰበራል። «መድኃኒቱ ላይ ጨምረን ነው እንጂ አስትተን አይደለም» በያት። በሰው እጅ ጸበል ትላክልሽ፤ በደስታ ታደርገዋለች። ብሩን ግን ያዢ። እኛ ለውጭ አገር ህክምና ብለን መሬት ሸጠናል። እዚያ የሰጡት መድኃኒት እዚህ ከሚወስደው ጋር አንድ ነው።

እህቱ ከሜሪላንድ፦

ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ሳምንት ዘገየሁ፤ ይቅርታ።

ሲስተር፣ ክሊኒኩን ጠየቅኩ። «ግራ ግንባር፣ በሰከንድ 10» አሉኝ። ለድምጽ እንደሆነ ስነግራቸው «ፕሮግራሙ አንድ ነው» አሉ። አመስግኜ ዘጋሁት። ብሩ ባለበት አለ።

ሐኪሙን ስለ ክሎዛፒን ጠየቅኩት። ፋይሉን ገልብጦ ገልብጦ «ቀድሞ መነሳት ነበረበት» አለ። ተናድጄ ነበር፤ ግን ወንድሜ አጠገቤ ስለነበር ዋጥኩት። ባለፈው ማክሰኞ የመጀመሪያውን ደም ሰጠ። ትናንት ማታ ግማሽ ክኒን ዋጠ። ድምጾቹ አሁንም አሉ፤ ገና ነው።

እማማ፣ እርስዎ እንዳሉኝ ለእናቴ ነገርኳት። ጸበሉ በአንዲት የሰፈር ልጅ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ትደርሳለች።

የፍራንክፈርቱ ወንድሜ፣ የአንተን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ሳህን እያጠብን። ጣትህ ስትዘል ያለው ቦታ ላይ ቆም አለና የራሱን አውራ ጣት አየ። ባቡሩ ላይ ስደርስ ውሃውን ዘጋው። «እስከ መጨረሻው ሄደ?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ስለ ማንጎራጎሩ ሳነብለት ግን የማላውቀውን ነገር አወቅኩ። ወንድሜ ድሮም ያንጎራጉራል። ማንም አላስተማረውም። ማታ ማታ ከክፍሉ እምምም የሚል ድምጽ ይመጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ። እኔ የበሽታው ምልክት መስሎኝ በሩን እያንኳኳሁ «ዝም በል፣ ልጆቹ ተኝተዋል» እለው ነበር። ዝም ይላል። ስምንት ዓመት።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «ልጆቹ ተኝተው ነበራ» አለኝ።

አሁን የልጆቹን አልጋ ወደ እኔ ክፍል አዛውሬዋለሁ።